ጎሉ ሲገባ አጠገቡ የነበረው ሰው

የስካርቢ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ
የምስክር ቃል

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ክላይቭ ኦልድሮይድ
ዕድሜ፦ 72
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ
አድራሻ፦ ስካርቢ፣ ፒት ሌን፣ የቤት ቁጥር 19
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ማክሰኞ ማርች 11 ቀን 2025፣ ከረፋዱ 4፡30
ቃሉን የተቀበለችው፦ መርማሪ ሶፊ ክራብትሪ
ጉዳዩ፦ ቅዳሜ ማርች 1 ቀን 2025 በስካርቢ ታውን እግር ኳስ ክለብ ሜዳ፣ በክለቡ ባለቤት በአቶ አድሪያን ላንግፎርድ ላይ ደረሰ የተባለ የአካል ጉዳት
ተጠርጣሪ፦ ትሬቨር ስታኒፎርዝ፣ ዕድሜ 70

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳይደልለኝ፣ በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን እንደሚከተለው እናገራለሁ። ከተጠርጣሪው ጋር ዝምድና እንዳለኝ ተጠይቄ የሥጋ ዝምድና የለኝም ብያለሁ። አንድ ትምህርት ቤት ተምረናል፣ አንድ ጉድጓድ ወርደን ከሰል ቆፍረናል፣ ሳገባም ሚዜዬ እሱ ነበር። ጠብ እንዳለን ተጠይቄ፣ ከማርች 1 ቀን ወዲህ ስሙን ያላወቅሁለት ነገር በመካከላችን አለ ብዬ መልሻለሁ። ከአቶ ላንግፎርድ ጋር ዝምድና የለኝም። ጠብ አለኝ። ስካርቢ ውስጥ ከእሳቸው ጋር ጠብ የሌለው ሰው ተፈልጎም አይገኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ ደክሞኛል ብዬ እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ። መርማሪዋ ይህ ለጉዳዩ ያስፈልጋል ወይ ብላኛለች። ያስፈልጋል ብያለሁ። ባይደክመኝ ኖሮ ባለፈው ሳምንት ስጠራ እመጣ ነበር። ለሁለት ጊዜ ተጠርቼ አልመጣሁም፤ ከነገሩ ጦም እደሩ ይሻላል ብዬ ነው። ዛሬ ለምን እንደመጣሁ መጨረሻ ላይ እናገራለሁ።

አቶ ላንግፎርድ ክለባችንን ከስድስት ዓመት በፊት የገዙት ከነዕዳው በአንድ ፓውንድ ነው። ያን ጊዜ አጨብጭበንላቸዋል፤ እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤአለሁ። አዲስ ስታዲየም እሠራለሁ አሉ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። እስከዚያው ብለው ያለውን ሜዳ ከክለቡ ስም አውጥተው ለራሳቸው ሌላ ድርጅት ሸጡት፤ ከቀኝ ኪሳቸው ወደ ግራ ኪሳቸው አዛወሩት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ክለቡ በገዛ ሜዳው ላይ ተከራይ ሆነ። ኪራይ ሲከፈል ደሞዝ ይዘገያል፣ ደሞዝ ሲከፈል መብራት ይቀራል። በዚህ የብርድ ወራት የክለቡ የልብስ ማጠቢያ ስለተዘጋ፣ ማሊያውን የምታጥበው ሴትዮ ቤቷ ወስዳ ነው የምታጥበው። ሰኞ ሰኞ አሥራ አንዱም ማሊያ በጓሮዋ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይታያል። መጀመሪያ ሰሞን እንስቅበት ነበር፤ አሁን ግን አይተን ዝም ብለን እናልፋለን።

በጃንዋሪ መጨረሻ ሜዳው ለቤት ሠሪ ኩባንያ ሊሸጥ እንደሆነ፣ ቡድኑም በሚቀጥለው ዓመት በመኪና አርባ ደቂቃ ርቆ የሰው ሜዳ እየተከራየ እንደሚጫወት ሰማን። ማንም ሰብስቦ አልነገረንም። በክለቡ ድረ ገጽ ላይ ከቲኬት ጭማሪው ማስታወቂያ በታች ተጽፎ ነው ያገኘነው።

በዚያው ሳምንት በሠራተኞች ክበብ አዳራሽ ተሰበሰብን። የደጋፊዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር ትሬቨር ነው። ወንበር ላይ ወጥቶ ተናገረ፤ ጉልበቱ ስለሚያመው ሁለት ሰው ደግፎት ነው የወጣው። «ልጆች፣ ሰውዬው ስድባችንን ለምዶታል። ስንሰድበው እኮ ከፍለን ገብተን ነው! ባዶ ወንበር ግን አልለመደም። ማርች አንድ ቀን አንድም ሰው በዚያ በር አይገባም። ታሞም ቢሆን፣ ምሎም ቢሆን፣ ማንም!» አለ። ሁሉም እጁን አነሳ። እኔም አነሳሁ። ሚስቴ ማውሪንም ሰው ሁሉ ሲያነሳ አይታ አነሳች።

በስካርቢ አድመኞች የቆሙበትን በር አልፎ መግባት ቀላል ነገር አይደለም። መርማሪዋ ወጣት ናት፤ ግን የዚሁ ልጅ ስለሆነች ታውቀዋለች። በ1984 የማዕድኑ ሠራተኛ ሁሉ ዓመት ሙሉ አድማ ሲመታ እኔና ትሬቨር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በር ላይ ቆመናል። አድማው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ወደ ሥራ የተመለሰ አንድ የሰፈራችን ሰው ነበር። ልጆቹ ርቧቸው ነው የተመለሰው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲሞት መቃብሩ ላይ የቆሙት ሚስቱና ቄሱ ብቻ ነበሩ። እኛ ዘንድ አድማ ሰባሪ የተባለ ሰው ስሙ ከሬሳ ሣጥኑ ጋር አይቀበርም።

ማውሪን ከአራት ዓመት ወዲህ የመርሳት ሕመም አለባት። የልጃችንን ስም ትረሳለች። እኔንም አንዳንድ ቀን የጋዝ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው አድርጋ ጫማህን አውልቅ ትለኛለች። ቅዳሜን ግን አትረሳም። ቅዳሜ ምሳ እንደበላች ቢጫና ጥቁር የአንገት ልብሷን ጠምጥማ በሩ ጋ ትቆማለች። ከሜዳችን ውጪ ስንጫወት «ዛሬ የለም» ስላት ታምነኛለች፤ ኮቷን አውልቃ ትቀመጣለች። በሜዳችን ስንጫወት ግን ወስጃት ቦታዋ ላይ ስትቀመጥ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል የድሮዋ ማውሪን ናት። ዳኛ ትሰድባለች። ክንዴን ትይዛለች። ሌላ ቦታ አትይዘኝም።

ማርች 1 ቀንም «ዛሬ የለም» ብያት ነበር። ነገር ግን ቤታችን ለሜዳው ቅርብ ነው። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ደጋፊዎች መዝፈን ሲጀምሩ ድምፃቸው ወጥ ቤታችን ድረስ ገባ። ማውሪን አዳመጠችና «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ደግሞ መዋሸት ጀመርክ?» አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። እኔ ብዙ ነገር እችላለሁ፤ ያን ግን አልቻልኩም። ኮቷን አለበስኳት።

ጨዋታው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የሚጀምር ሲሆን እኛ በሩ ላይ የደረስነው ትንሽ ቀደም ብለን ነው። ወደ ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ዝናብ እየመታው ቆሟል። ትሬቨር ከፊት ነበር።

«ክላይቭ፣ ወዴት ነው?»

«ማውሪንን ይዤ ነው፤ ታያለህ።»

«ቤት አስቀምጣታ!»

«እስቲ አንተ አስቀምጣት።»

ከኋላ አንድ ሰው «አድማ ሰባሪ!» ብሎ ጮኸ። ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ባየውም አልናገርም። ትሬቨር ዙሪያውን ተመለከተ። ሊቀመንበር ነው፤ ሰው ሁሉ አፍ አፉን ያየዋል። ከዚያ እሱም ያንኑ ቃል ደገመው። ጮክ ብሎ አይደለም፤ ግን ፊቴን እያየ ነው። ማውሪን እጇን አወዛወዘችለት። «ትሬቨርዬ፣ አትገባም እንዴ? ሊጀምር እኮ ነው!» አለችው። እሱ ጫማውን ተመለከተ። እኔ ሁለት ቲኬት ቆርጬ ገባን። ያ ቃል ሲባልብኝ ልቤ እንደቆሰለ ይጻፍልኝ ብያለሁ። መርማሪዋ ጽፋዋለች።

(እዚህ ላይ ምስክሩ ሻይ ጠይቀው እስኪመጣላቸው ድረስ ቃል መቀበሉ ለጥቂት ጊዜ ተቋርጧል።)

ውስጥ የነበሩት በወዲያኛው ጫፍ ጥቂት የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች፣ ሁለት አስተናባሪዎችና እኛ ነን። በክብር ትሪቡኑ ላይ አቶ ላንግፎርድ ከአንድ ሁለት ሰው ጋር ተቀምጠዋል። እኔና ማውሪን ሁልጊዜ የምንቀመጠው ከጎሉ ኋላ ባለው የእንጨት አግዳሚ ላይ፣ መተላለፊያው ደረጃ አጠገብ ነው። ተጫዋቾቹ ሲጠራሩ አንድ በአንድ ይሰማ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ኳስ ሳይ፣ ግብ ጠባቂያችን ሲያስነጥስ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ፣ በስተጀርባ በሰፈራችን ሰዎች የጓሮ እርሻዎች በኩል ካለው የተቀደደ አጥር አንድ ሰው ሾልኮ ገባ። ቆቡን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አድርጎ፣ የኮቱን ኮሌታ ወደ ላይ ገልብጦ ነበር። በጉልበቱ ማነከስ አወቅሁት፤ ትሬቨር ነው። መጥቶ ከማውሪን በወዲያ በኩል፣ ከመተላለፊያው ጫፍ ተቀመጠ።

«አላየኸኝም» አለኝ።

«አላየሁህም» አልኩት።

«ሽንቴን ልሸና ነው ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እሺ።»

«ስንት ለስንት ነን?»

«ባዶ ለባዶ።»

«ተመስገን» አለ። ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ማውሪን ሚንት ከረሜላ ሰጠችው። እኔ ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳሁለት። ሦስታችንም እንደ ወትሮው ተቀምጠን ኳስ አየን። እሱ በር ላይ ቆሞ ሌላውን ሲከለክል ቆይቶ እሱው ገባ ተብሎ እንዳይፈረድበት እለምናለሁ። ትሬቨር ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በዚህ ሜዳ የተደረገ ጨዋታ ያመለጠው ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ኳሷ ስትመታ ድምፅዋን እየሰማ አለማየት ምን እንዳደረገው አውቃለሁ።

ከዚያ አቶ ላንግፎርድ መጡ። ከትሪቡኑ የወረዱት ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከትሪቡኑ ጀርባ ያለው የብረት በር ከውጭ ይደበደብ ስለነበር ሸሽተውት ይሆናል፤ ወይም ብቻቸውን መሆን ሰልችቷቸው። በደረጃው ወጥተው ከትሬቨር ጎን መተላለፊያው ላይ ቆሙ። ትሬቨር አንገቱን ኮሌታው ውስጥ ቀበረ። አላወቁትም። ለስድስት ዓመት ደብዳቤ ሲጽፍላቸው አንድ ቀን እንኳ ቢሮ ጠርተው ስላላነጋገሩት መልኩን አያውቁትም።

ማውሪን ሽቅብ አየቻቸው። «ልጄ፣ ብርድ መትቶሃል። ከንፈርህ ሰማያዊ ሆኗል። ሥራ አጥተህ ነው?»

«ኧረ እዚሁ ነው የምሠራው» አሉ።

«ደሞዝ ይከፍሉሃል?»

ከኮሌታው ውስጥ የትሬቨር ጉሮሮ ጮኸ፤ ሳቁን ሳል አስመሰለው። እኔም ሜዳውን አየሁ። ማውሪን ለነገር ብላ እንዳልተናገረች እመሰክራለሁ፤ ሰው ሲበርደው አይታ ነው የጠየቀችው።

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረው «የገባችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። አመሰግናለሁ» አሉኝ።

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም የገባሁት» አልኳቸው።

«ይገባኛል። ግን እስቲ ይንገሩኝ፣ ምን አደረግኳቸው? እኔ ባልገዛው ኖሮ ክለቡ ያኔውኑ ፈርሶ ነበር። ከራሴ ኪስ ስንት አፍስሻለሁ! ልጄ አባትሽ ሌባ ነው እየተባለች ከትምህርት ቤት ታለቅሳለች።»

«ስለ ልጅዎ አዝናለሁ። ሜዳውን ግን ማን ሽጡ አለዎት?»

«ሜዳው እኮ ይከስራል። እግር ኳስ ሥራ ነው አባቴ። በስሜት ሂሳብ አይዘጋም።»

ይህን ጊዜ ትሬቨር አላስችል ብሎት፣ ፊቱን ሳያዞር «ዝም ብላችሁ ኳሱን አታዩም?» አለ። የሚገርመው፣ አቶ ላንግፎርድ ዝም ብለው ኳሱን ማየት ጀመሩ። አልሄዱም። ማውሪን ለእሳቸውም ከረሜላ ሰጠቻቸው፤ ተቀብለው በሉ።

ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው የማዕዘን ምት አገኘን። ኳሷ ተሻምታ መጣች፣ ግርግር ሆነ፣ ዘጠኝ ቁጥራችን መታ፣ ገባች። ከገና ወዲህ በሜዳችን ያየነው የመጀመሪያው ጎል ነው።

አሁን የምናገረውን መርማሪዋ ቃል በቃል እንድትጽፍልኝ ጠይቄአለሁ። በስካርቢ ጎል ሲገባ ሰው አጠገቡ ያለውን ያቅፋል። ማን እንደሆነ አይጠየቅም። ድሮ ከጎሉ ኋላ ያለው ቦታ ሞልቶ በቆምንበት ዘመን ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ደረት ላይ ተለጥፌ አውቃለሁ። አንድ ጊዜም ከጎኔ የነበረውን ፖሊስ አቅፌ ቆቡን ጥዬበታለሁ፤ ያን ጊዜ ማንም ጣቢያ አልጠራኝም። ትሬቨር ተነስቶ ዘለለ። ወደ ግራው ማውሪን አለች፤ እሷን ሁልጊዜ ይጠነቀቃታል። ወደ ቀኙ ዞረ። ወደ ቀኙ የነበሩት አቶ ላንግፎርድ ናቸው። በሁለት እጁ ወገባቸውን ይዞ ከመሬት አነሳቸው። «ገባ! ገባ! ገባ!» እያለ ነበር። ደረጃው በዝናብ ርሷል፣ የአቶ ላንግፎርድ ጫማ የቢሮ ጫማ ነው፣ የትሬቨር ጉልበት ደግሞ የታወቀ ነው። እግራቸው መሬት ሲነካ ተንሸራተቱና ሁለቱም ተያይዘው ቁልቁል ወረዱ። ትሬቨር እየተንከባለለም «ገባ!» ይል ነበር። ታች ሲደርሱ የአቶ ላንግፎርድ የእጅ አንጓ ተሰበረ፤ የትሬቨር ቆብ ወለቀ።

ትሬቨር የማንን ኮሌታ ጨብጦ እንዳለ ያየው ያኔ ነው። ፊቱ እንደዚያ ሆኖ አይቼው የማውቀው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ አድማው ተሸንፎ ወደ ጉድጓዱ የተመለስን ቀን።

አቶ ላንግፎርድ «ገፋኝ! ይህ ሰውዬ ሊገድለኝ ነው!» ብለው ጮኹ። ዋሹ አልልም። ሲዘል አይተዋል፣ ሲይዛቸው ተሰምቷቸዋል፣ ወድቀዋል። ሰውዬው ስድስት ዓመት ሙሉ ጎል ሲገባ የሚያዩት በጓንት በሚጨበጨብበት ቦታ ተቀምጠው ነው። ማንም እዚያ አቅፏቸው አያውቅም። ምን እንደሆነ እንዴት ይወቁት?

አስተናባሪው ሮጦ መጣና ትሬቨርን «ገፍተሃቸዋል እንዴ?» አለው። ትሬቨር ተነሳ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ እኔን አየኝ። «አዎ ገፋሁት! ሌላ ምን ላደርግ መጣሁ?» አለ።

ሆን ብሎ ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ ጎል ሲገባ ሆን ብሎ የሚባል ነገር የለም ብዬ መልሻለሁ። በካሜራ ይታይ እንደሆነ ተጠይቄ፣ ካሜራ የለም፤ የካሜራው ድርጅት ሂሳቡ ስላልተከፈለው ባለፈው ዓመት ነቅሎ ወስዶታል ብያለሁ። ስለዚህ ከቅርብ ያየነው እኔና ማውሪን ብቻ ነን።

ትሬቨር በፖሊስ ታጅቦ በዋናው በር ሲወጣ፣ ከውጭ የቆመው ሰው ነገሩን ሰምቶ ኖሮ በጩኸት ተቀበለው። ለመምታት ብሎ ገባ ተባለ። በነጋታው ዘፈን ወጣለት። በክበቡ ውስጥ ቢራውን የሚከፍልለት ጠፍቶ አያውቅም፤ ለጠበቃውም በባልዲ መዋጮ እየተሰበሰበ ነው። እኔ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሰው መንገድ ይሻገርብኛል። ይህንንም ችዬ ዝም ብዬ ነበር። ጠበቃው እንደሚለው ትሬቨር ከተፈረደበት መታሰር ሊኖር ይችላል፤ ከአገሪቱ ሜዳዎች ሁሉ ለዓመታት መታገድ ግን አይቀርለትም። በሰባ ዓመት ላይ ለዓመታት ማለት ለሁልጊዜ ማለት ነው።

ባለፈው ዓርብ ከማውሪን ጋር ሥጋ ቤት ሄድን። ወረፋው ላይ ስለ ትሬቨር ይወራ ነበር፤ እንዴት አድርጎ እንደገፋው አንዱ በእጁ ያሳያል። ማውሪን ሰማችና «ኧረ አልገፋውም! ትሬቨር ጥሩ ልጅ ነው። ሰውዬው በርዶት ነበር፣ አቀፈው» አለች። ትናንት ምን እንደበላች የማታስታውስ ሴት ይህን ይዛዋለች። ሱቁ ሙሉ ሳቀ። በክፋት አይደለም፤ ያውቋታል፣ ይወዷታል። አንዷ እጇን ይዛ «እሺ የኔ ቆንጆ፣ አቀፈው» አለቻት፤ ለሕፃን እንደሚባለው። ማውሪን እኔን አየችኝ። «አይደለም እንዴ ክላይቭ? አንተም ነበርክ» አለችኝ። በስሜ ከጠራችኝ ሁለት ወር አልፎ ነበር። እኔ ሥጋውን ተቀብዬ፣ ክንዷን ይዤ ወጣሁ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ትሬቨር ቤታችን መጣ። ከጓሮ እርሻው ባሮ ሽንኩርት ይዞ ነበር። ተቀምጦ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ክላይቭ፣ ሲጠሩህ ገፋው በል።»

«አልገፋኸውማ።»

«በልልኝ እባክህ። ቢያስሩኝ እታሰራለሁ። ቢያግዱኝስ የት ልገባ ነበር? ሜዳው እንደሆነ ሊሸጥ ነው።»

«አቀፍከው እኮ ትሬቨር።»

«ቀስ በል! ግድግዳ ይሰማል!» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘፈን አውጥተውልኛል ክላይቭ። ለእኔ! አሁን ሄጄ ሾልኬ ገባሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ላንግፎርድን አቀፍኩት ልበላቸው? አንተን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያልኩህን ብዬ?»

ማውሪን ከወንበሯ «ጥሩ አደረግክ፤ ሰውዬው በርዶት ነበር» አለችው።

ያን ጊዜ የሥጋ ቤቱን ነገር ነገርኩት። እኔ አድማ ሰባሪ መባልን እችላለሁ፣ አንተም ትችለዋለህ፣ ሁለታችንም ብዙ አይቀረንም፤ እሷ ግን እውነት ተናግራ ሲሳቅባት ሁለተኛ ቆሜ አላይም አልኩት። ትሬቨር ፊቱን በቆቡ ሸፈነ። ከዚያ ተነሳና በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ «እንግዲያው ቢያንስ ጎሉ ቆንጆ ነበር በልልኝ። ለሆነ ተራ ጎል ነው ያቀፈው እንዳይሉኝ» አለ።

በዚህ ቃሌ እውነቱን ልናገር ስለመጣሁ፣ ጎሉ ቆንጆ እንዳልነበረ እመሰክራለሁ። ዘጠኝ ቁጥራችን አበላሽቶ መታት፤ የእንግዳው ተከላካይ መቀመጫ ላይ አርፋ ነው የገባችው። ቢሆንም እኔም ዘልያለሁ።

ይህ ቃል ፍርድ ቤት ሲነበብ ከተማው እንደሚሰማው አውቃለሁ። ትሬቨርን አዋረደው እንደምባል፣ በቂም ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አቶ ትሬቨር ስታኒፎርዝ ማርች 1 ቀን ወደ ሜዳው የገባው ሰው ለመምታት አይደለም፤ ኳስ ለማየት ነው። አቶ ላንግፎርድን አልገፋቸውም። ሚስቴ ማውሪን ኦልድሮይድ በሥጋ ቤቱ የተናገረችው ልክ ነው፤ አቀፋቸው።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። የጨመርኩት የለም፤ ልቀንስ የፈለግሁት ነበር፣ ግን አልቀነስኩም። ሐሰት ተናግሬ ብገኝ በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ክላይቭ ኦልድሮይድ
የመርማሪዋ ፊርማ፦ ሶፊ ክራብትሪ

የመርማሪዋ ማስታወሻ፦ ቃሉ ሲነበብ ወይዘሮ ማውሪን ኦልድሮይድ ከምስክሩ ጎን ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ንባቡ ሲያበቃ «እኔም ነበርኩ እኮ» ብለው እስክሪብቶ ጠይቀዋል። ፊርማቸው በሕግ እንደማያስፈልግ ለምስክሩ ነግሬአቸው፣ «ትፈርም ግድ የለም» ስላሉኝ፣ በራሳቸው ፈቃድ ከዚህ በታች ፈርመዋል።

ማውሪን ኦልድሮይድ